ጠጁን ማን ጣለው?



ስለ ጠጅ የተጻፈው ታሪካችን በአብዛኛው የጠጪው ታሪክ ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ጠጁን የጣለው ማን ነው?

የጽሑፍ ምስክር አላጣንም። ግእዝ ጠጅን «ሜስ» ይለዋል። የሀድያ ገዢ ልጅ የነበሩት እቴጌ እሌኒ እ.ኤ.አ. በ1509 ግድም ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። በምላሹ በ1520 ከመጣው ልዑክ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እስከ 1526 ቆይቶ ያየውን ሲጽፍ፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ይጠጣ የነበረውን የማር መጠጥ ደጋግሞ ያነሣል። በቤተ መንግሥቱ የጠጅ ቤት አዛዥም አሳላፊም ነበሩ፤ ሁለቱም በሥራቸው ስም ይታወቃሉ። ጠጅ ጣይዋ ግን በታሪኩ ውስጥ እምብዛም አትገኝም።

ይህን ክፍተት ከሥራው በኩል ለማየት ስል በጀማሪነት ጠጅ መጣል ያዝሁ። መምህሮቼ ከሆሳዕና ብዙም በማትርቀው በሀቢቾ የሚኖሩ እናቶች ናቸው። ጋኑን አጥቤ በወይራ አጠንሁ፤ በስፍር 1 እጅ ማር በ4 እጅ ውሃ በጠበጥሁ። በ3ኛው ቀን ብርዙ መፍላት ሲጀምር ሰፈፉን ገፍፌ የተቀቀለ የጌሾ እንጨት ጨመርሁበት። እርሾ ለብቻው አይገባም፤ የሚያፈላው ከማሩና ከጌሾው ጋር የሚመጣው ነው። በመጀመሪያ የቀመስሁት ጣፋጭ ብቻ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን የጌሾው ምሬት ጣፋጭነቱን ያዝ አደረገው፣ አምቡላውም ከሥር ረጋ። መምህሮቼ ቀን አይቆጥሩም፤ ጆሯቸውን ወደ ጋኑ አስጠግተው ያዳምጡታል።

ይህ ስፍር ለታሪክ ሰው ማስረጃ ነው። ለ20 ሊትር 4 ሊትር ማር፣ ማለትም ከ5 ኪሎ ተኩል በላይ ያስፈልጋል። በግብር ላይ 1,000 ሰው እያንዳንዱ 1 ሊትር ቢጠጣ፣ 280 ኪሎ ያህል ማር ይፈጃል ማለት ነው። ያ ሁሉ ማር ከየት መጣ? በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ከዘለቀ በኋላ፣ ገባሩ ከሚያቀርበው መካከል አንዱ ማር ነበር። በዚህ ላይ የሚቀዳውን ውሃ፣ የሚለቀመውን ማገዶ፣ የሚታጠበውን ጋን ጨምሩበት። አንድ ብርሌ ጠጅ የንብ አናቢው ማርና የሴቲቱ ጉልበት ድምር ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ስትወጡ «ማን ጠጣው?» ከማለታችሁ በፊት «ማን ጣለው? ማሩስ የማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህ እናቶች የሚያውቁትን በመዝገብ አላሰፈሩትም፤ እውቀቱ ያለው በእጃቸውና በጆሯቸው ነው። እነርሱ ሲያልፉ የትኛውም ቤተ መዛግብት አይመልሰውም።