የሰማይ ተማሪ ስንቅ

የኅዋ ሳይንስ ለሚማር ወጣት ነጻ ትምህርት ተሰጠ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው ከባሕር ማዶ የመጣ ደብዳቤንና የአውሮፕላን ቲኬትን ነው። ነገር ግን ተማሪን እየቀለቡ ማስተማር በአገራችን ከዩኒቨርሲቲ እጅግ ቀድሞ የነበረ ሥርዓት ነው። ይህን ማየት የሚሻ ወደ ወገዳ አገር፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ይመልከት።

በጋይንት ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ናቸው። ከሸዋ፣ ከጎጃምና ከወሎ የሚመጣ ተማሪ ለብዙ ዓመታት በዚያ ይቀመጥ ነበር። ስንቁን የሚቈርጥለት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ከጓዳዋ ቍራሽ የምታወጣለት የባላገር ሚስት ነበረች እንጂ። በርግጥ ይህን ኑሮ ማሳመር አይገባም። ረኃብና በሽታ ስንቱን ከትምህርቱ እንዳስቀሩት የሚቈጥር አልተገኘም፤ የመንደሩም ውሻ ለተማሪ አይራራም ነበር።

ይህ ከሰማይ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ድጓ በዓመቱ በዓላት ተራ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ በዓላቱ መቼ እንደሚውሉ ሳያውቁ እርሱን ማዝለቅ አይቻልም። ስለዚህ ባሕረ ሐሳብ አስፈላጊ ነው። ለምሳሌ 2000 ዓመተ ምሕረትን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7500 ይሆናል፤ ይህ በ19 ሲገደፍ 14 ይተርፋል፤ አንድ ስለ ዘመን ሲቀነስ ወንበሩ 13 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 23፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 7 ይወጣል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። ይህ 19 ዓመት ጨረቃና ፀሐይ ወደ ቀድሞ መገናኛቸው የሚመለሱበት ዑደት ነው፤ የግሪኩ ሜቶንም በአቴና ያስተማረው ይህንኑ ነው። የገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ይህን በቃሉ የሚያሰላ የቈሎ ተማሪ የሰማይን ሒሳብ አላወቀም ማለት ስሕተት ነው። ያልነበረው ሒሳብ ሳይሆን መሣሪያ ነው።

መሣሪያው የመጣው ከ1949 እስከ 1951 ዓ.ም. በተደረገው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በአባ ፒየር ጉዋን መሪነት የመሬትን መግነጢስ የሚለካ ጣቢያ ቆመ። ቦታው በከንቱ አልተመረጠም። የመሬት መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ ከዚያም በላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ይህን በሚገባ ለመለካት ከመግነጢሱ ወገብ አጠገብ መሆን ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ የሁለት ሰዎች ታሪክ ጐን ለጐን መቆም ይገባዋል። ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ በ1940 ዓ.ም. በቦንጋ ተወለዱ። በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በ1955 ዓ.ም. በተከፈተው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ተማሩ፤ በነጻ ትምህርት ወደ ጃፓን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግረው የኅዋ መንኮራኩር መሐንዲስ ሆኑ። በ1998 ዓ.ም. ያረፉትም በዚያው በአሜሪካ ነው። በእርሳቸው ዘመን የመንኮራኩር መሐንዲስ ወደ ኢትዮጵያ ቢመለስ የሚሠራበት ወንበር የት ነበር? አልተመለሱም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ወቀሳው ግን ቦታውን የሳተ ይመስለኛል።

ዶክተር ባይሌ ዳምጤ ደግሞ በፊንላንድ በኦሉ ዩኒቨርሲቲ የኅዋ ፊዚክስ ዶክትሬታቸውን አግኝተው ወደ ባሕር ዳር ተመለሱ፤ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከላይ ባሰላነው በ2000 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ የአፍሪካን የኅዋ አየር ጠባይ ጥናት የሚመለከት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተደረገ። በዚያን ጊዜ በአፍሪካ የነበሩት መለኪያዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከጉባኤው በፊትና በኋላ በነበሩት ዓመታት በባሕር ዳርና በሌሎችም ከተሞች የሳተላይት ምልክት መቀበያዎችና ማግኔቶሜትሮች ተተከሉ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። የዋሸራ ስም ለቅኔ ተማሪ አዲስ አይደለም። ከዚህ ወዲያ የድኅረ ምረቃው ተማሪ የራሱን አገር ሰማይ በራሱ አገር ለመመርመር ቻለ፤ ወደ ውጭ ለጥቂት ወራት ቢሄድም ይዞት የሚሄደው፣ ይዞትም የሚመለሰው መረጃ ነበረው።

ይህን ሁሉ የምናነሣው ነጻ ትምህርት ብቻውን ሊያስገኝ የማይችለውን ለማሳየት ነው። የቤተልሔም ተማሪ ምስክርነቱን ካገኘ በኋላ የሚሄድበት ደብር፣ የሚያስተምርበት ጉባኤ ይጠብቀው ነበር።

በእንጦጦ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለው በ2007 ዓ.ም. ተመረቁ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሳተላይት ከቻይና ወደ ኅዋ ተላከች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ የወጪው አብዛኛው ክፍል በቻይና መንግሥት ተሸፈነ። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከቻይናውያኑ ጋር በሥራው ተካፍለው ተምረዋል፤ ይህም ሌላ ዓይነት ነጻ ትምህርት ነው። የተላከችበትም ምክንያት የእርሻን፣ የደንንና የውሃን ሁኔታ ከላይ ሆኖ ለመከታተል ነበር። ድርቅ በተመላለሰባቸው በታች ጋይንትና በስማዳ ቈላዎች የዝናቡ መዘግየት ቀድሞ የሚታወቀው በዚያችው ባለ ቍራሽ ሴት ጐተራ ነው።