ምሕረት፣ ይቅርታና እርቅ፦ በሕግ ፊትና በስደት አገር ያላቸው ልዩነት

«ምሕረት ታወጀ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ የገጠር ቀበሌዎች ጆሮውን የሚያቀና ቤተሰብ ብዙ ነው። አንዱ የተከሰሰ ወይም የታሰረ ዘመድ አለው። ሌላው ቀይ ባሕርን ተሻግራ በሳዑዲ ዓረቢያ ያለ መኖሪያ ፈቃድ የምትሠራ ልጅ አለችው። ሦስተኛው ደግሞ በጦርነቱ ወገኑን ወይም ንብረቱን ያጣና «የበደለኝ ሰው በምሕረት ሊታለፍ ነው ወይ?» ብሎ የሚሰጋ ነው። ቃሉ አንድ ቢሆንም ለሦስቱም የሚያስገኘው ውጤት የተለያየ በመሆኑ፣ ትርጉሙን ለይቶ ማወቅ ካልተገባ ተስፋም ካልተገባ ሥጋትም ያድናል።

ምሕረት እና ይቅርታ

በዕለት ተዕለት ንግግር ሁለቱ ቃላት ይቀያየራሉ፤ በኢትዮጵያ ሕግ ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ይቅርታን በአንቀጽ 229፣ ምሕረትን በአንቀጽ 230 ለይቶ ደንግጓል።

ይቅርታ ቅጣትን የሚመለከት ነው። ፍርድ ያረፈበት ሰው ቅጣቱ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀርለታል፣ ወይም በቀላል ቅጣት ይለወጥለታል። ጥፋተኛ የተባለበት ፍርድ ግን አይሰረዝም፤ በመዝገቡ ላይ እንደሰፈረ ይቆያል። በፌዴራል ደረጃ ይቅርታ የመስጠት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት የፕሬዚዳንቱ ሲሆን፣ ክልሎችም በክልል ፍርድ ቤቶች ለተፈረደባቸው ታራሚዎች ይቅርታ ይሰጣሉ። በበዓላት ሰሞን «ታራሚዎች ተለቀቁ» ሲባል የሚሰማው ዜና በአብዛኛው ይቅርታ እንጂ ምሕረት አይደለም።

ምሕረት ከዚህ ይሰፋል። የሚሰጠው ለአንድ ግለሰብ ሳይሆን ለተወሰነ የወንጀል ዓይነት ወይም ለተወሰኑ ወንጀለኞች ነው። ክስ ያልተጀመረ ከሆነ እንዳይጀመር፣ የተጀመረም ከሆነ እንዲቋረጥ ያደርጋል። ፍርድ ተሰጥቶ ከሆነም ፍርዱ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ከመዝገብም ይሰረዛል።

ለዚህ የቅርቡ ምሳሌ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ያወጣው የምሕረት አዋጅ ነው። አዋጁ በአገር ክህደት፣ በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓት ላይ በሚፈጸሙና በመሳሰሉት ፖለቲካዊ ወንጀሎች የተጠረጠሩ፣ የተከሰሱ ወይም የተፈረደባቸውን ሰዎች የሚመለከት ሲሆን፣ የስድስት ወር የጊዜ ገደብ ነበረው። ገደቡ ሲያበቃ ከ13 ሺሕ በላይ ሰዎች ተጠቃሚ መሆናቸው ተገልጿል።

ምሕረት የማይደርስባቸው ወንጀሎች

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ለምሕረት አጥር አበጅቷል። ሰው ዘር የማጥፋት፣ ያለ ፍርድ የመግደል፣ ሰውን አስገድዶ የመሰወርና የማሰቃየት ድርጊቶችን በመሳሰሉ በሰው ልጆች ላይ በሚፈጸሙ ወንጀሎች ክስ ማቅረብ በይርጋ አይታገድም፤ ሕግ አውጪውም ሆነ ሌላ የመንግሥት አካል በምሕረት ወይም በይቅርታ ሊያልፋቸው አይችልም። በእነዚህ ወንጀሎች ሞት ለተፈረደበት ሰው ርዕሰ ብሔሩ ሊያደርግ የሚችለው ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት መለወጥ ብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሞት የተፈረደባቸው 23 የደርግ ባለሥልጣናት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ የተለወጠው በዚሁ አግባብ ነበር።

ይህ ድንጋጌ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነት ሥር ለቆየው የሰሜን ወሎ ሕዝብ ትልቅ ትርጉም አለው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም ስለ ምሕረት ሲያነሳ በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ መሆኑን አስቀምጧል። ከዚህም በላይ፣ ምሕረት የወንጀል ተጠያቂነትን ቢያስቀርም ተበዳዩ በፍትሐ ብሔር ካሣ የመጠየቅ መብቱን አይነካም። ቤቱ የፈረሰበት ወይም ከብቱ የተነዳበት አርሶ አደር የጉዳቱን ማስረጃ ጠብቆ ማቆየት ያለበትም ለዚህ ነው።

እርቅስ?

በወሎ አበጋሮችና የአገር ሽማግሌዎች ደም የተቃቡ ወገኖችን ያስታርቃሉ፤ ካሣ ያስከፍላሉ፤ ቂም ያሽራሉ። ይህ በተበዳይና በበዳይ ቤተሰብ መካከል የሚፈጸም ሰላም ነው። በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ቀላል ወንጀሎች እርቅ ጉዳዩን ሊዘጋ ይችላል። በነፍስ ግድያ ግን ከሳሹ መንግሥት ስለሆነ እርቁ ክሱን አያስቀርም፤ ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሲወስን ሊያይለት ይችል ይሆናል እንጂ። እንግዲህ እርቅ የሽማግሌ፣ ይቅርታ የርዕሰ ብሔሩ ወይም የክልል፣ ምሕረት ደግሞ የሕግ አውጪው መሆኑን መለየት ያስፈልጋል።

በስደት አገር ምሕረት ማለት

በውጭ አገር መንግሥታት የሚታወጀው ምሕረት ከወንጀል ይልቅ የመኖሪያ ፈቃድን ይመለከታል። በሳዑዲ ዓረቢያ ከካፊሏ ቤት የወጣች ሠራተኛ «ሁሩብ» ተብላ ከተመዘገበች ኢቃማዋ ዋጋ ያጣል፤ ከተያዘችም እስራት፣ ቅጣትና ዳግም ያለመግባት እገዳ ይጠብቃታል። ምሕረቱ ይህን ቅጣት ለተወሰነ ጊዜ ያነሳል።

ምሕረት ሁልጊዜ «እዚያው ቆይቶ መሥራት» ማለት ግን አይደለም። በሦስት መልክ ይመጣል፦

• መውጣት ብቻ የሚፈቅድ፦ ሳዑዲ ዓረቢያ ከመጋቢት 20 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ለ90 ቀናት ያወጀችውና በኋላም ያራዘመችው ምሕረት፣ በጊዜው የወጣ ሰው ቅጣት ሳይከፍልና የተባራሪ አሻራ ሳይመዘገብበት እንዲሄድ የሚያስችል ነበር።

• መውጣትን ወይም ሰነድ ማስተካከልን የሚያስመርጥ፦ በ2005 ዓ.ም. የታወጀው የሳዑዲ ዓረቢያ ምሕረት፣ እንዲሁም የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ከነሐሴ 26 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ወራት የተገበረችው እዚህ ይመደባሉ።

• ቋሚ መኖሪያ የሚሰጥ፦ አሜሪካ በ1979 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ ወደ 2.7 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች ሕጋዊ መኖሪያ ሰጥታለች። እንዲህ ያለው እጅግ ጥቂት ነው።

ቀነ ገደቡን ማሳለፍ ዋጋ ያስከፍላል። የሳዑዲው የምሕረት ጊዜ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ሲያበቃ በተጀመረው አፈሳ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። ብዙዎቹ የሠሩበትን ደመወዝ ሳይቀበሉ፣ ዕቃቸውን ሳይሸክፉ ነው የተሳፈሩት። ለጉዞው በሬ ሸጦ ወይም መሬት አከራይቶ ለደላላ የከፈለ ቤተሰብ ዕዳው ብቻ ቀርቶበታል።

ዜናው ሲሰማ ሊጠየቁ የሚገባቸው

የምሕረት ወሬ በደላላና በማኅበራዊ ሚዲያ በኩል ከተሰማ ገንዘብ ከመላክ ወይም ልጅን ከማስመለስ በፊት አምስት ነገሮችን ማረጋገጥ ይገባል፦ አዋጁን ያወጣው ማን ነው? የትኛውን ድርጊት ይሸፍናል? እስከ መቼ የተፈጸመውን ይመለከታል? ለመመዝገብ የመጨረሻው ቀን መቼ ነው? ከምሕረቱ በኋላ መቆየት ነው ወይስ መውጣት?

ስለ ስደት ምሕረት ትክክለኛው መረጃ የሚገኘው በአገሩ ካለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ነው። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ የቀረባት ዜጋ ሊሴ ፓሴ የሚባለውን የይለፍ ሰነድ የምታገኘውም ከዚያው ስለሆነ፣ የቀነ ገደቡን የመጨረሻ ሳምንት ሳትጠብቅ ብትመዘገብ ይበጃል። ሌላ የወንጀል ክስ ያለባት ከሆነ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ምሕረት ያን ክስ እንደማያነሳላት አስቀድማ ልታውቅ ይገባል።