የጦርነት ፎቶግራፍ አንሺዎች፦ መስዋዕትነታቸውና በሕግ ያላቸው ጥበቃ

የጦርነት ፎቶግራፍ አንሺ በትጥቅ ግጭት ቀጣና ተገኝቶ የሚሆነውን በምስል የሚመዘግብ የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያ ነው። ዘጋቢ ከሩቅ ሆኖ መረጃ አሰባስቦ ሊጽፍ ይችላል፤ ፎቶግራፍ አንሺ ግን በቦታው ሳይገኝ ሥራውን ሊያከናውን ስለማይችል ከአደጋው አጠገብ መቆም ግድ ይለዋል።

የመሐመድ አሚን ምሳሌነት

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው ምሳሌ በ1935 ዓ.ም. በናይሮቢ የተወለዱት ኬንያዊው መሐመድ አሚን ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ጦርነትና ድርቅ ተደራርበው የሰሜን ኢትዮጵያን ሕዝብ ለረሃብ በዳረጉበት ወቅት፣ ከቢቢሲው ዘጋቢ ማይክል በርክ ጋር ወደ ኮረም ተጉዘው የተረጂዎችን ሥቃይ ቀርጸዋል። ዘገባው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ከተሰራጨ በኋላ በመላው ዓለም ታይቶ ለሰፊ የእርዳታ ማሰባሰብ ዘመቻ መነሻ ሆኗል።

ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት ግምጃ ቤት ሲፈነዳ አሚን በስፍራው በመቅረጽ ላይ ነበሩ። በፍንዳታው ግራ ክንዳቸውን ሲያጡ፣ የሥራ ባልደረባቸው የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሕይወታቸው አልፏል። አሚን ሰው ሠራሽ ክንድ ተገጥሞላቸው ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር ተጠልፎ በኮሞሮስ አቅራቢያ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሕይወታቸው አልፏል።

በሕግ የተሰጠ ጥበቃ

በ1969 ዓ.ም. የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 79፣ በትጥቅ ግጭት አካባቢ አደገኛ የሙያ ተግባር የሚያከናውኑ ጋዜጠኞች እንደ ሲቪል ሰው እንደሚቆጠሩ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ይህን ፕሮቶኮል በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ስለ ጥበቃው የሚከተሉትን ማወቅ ይገባል፦

• ጥበቃው የሚጸናው ባለሙያው የሲቪልነት አቋሙን የሚጻረር ተግባር እስካልፈጸመ ድረስ ነው።
• በአንቀጹ መሠረት መንግሥታት የሚሰጡት መታወቂያ የጋዜጠኝነት ሙያን ያረጋግጣል፤ የጥበቃው ምንጭ ግን ሲቪልነቱ እንጂ መታወቂያው አይደለም።
• ከጦር ሠራዊት ጋር እንዲጓዝ ፈቃድ የተሰጠው የጦርነት ዘጋቢ በዓለም አቀፍ ግጭት ከተማረከ፣ በሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 4 መሠረት የጦር ምርኮኛ መብት አለው።
• ዓለም አቀፍ ባልሆነ ግጭት ደግሞ የአራቱ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 በውጊያው ያልተሳተፈን ሰው ሁሉ ይጠብቃል።

ክብር የሚገለጽበት መንገድ

ለእነዚህ ባለሙያዎች የሚሰጠው ክብር ከመታሰቢያ ቃል ባሻገር በተግባር ሊገለጽ ይገባል። ማንኛውም ሰው ወይም ተቋም የታሪክ ምስል ሲጠቀም የአንሺውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን በትክክል ማስፈር አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለፎቶግራፍ ሥራ ጥበቃ ይሰጣል፤ የሥራ አመንጪው ባለቤትነቱ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብትም አለው። እንደ ጆን ማታይ ያሉ የድምፅ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም አስተርጓሚዎችና አሽከርካሪዎች የአደጋው ተካፋዮች በመሆናቸው ስማቸው ከምስሉ ጋር አብሮ ሊታወስ ይገባዋል።