የግብርና ኮሌጆች ኢንስፔክሽንና የጥራት ደረጃ፦ ሠልጣኞችና ወላጆች ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

የግብርና ኮሌጅ ኢንስፔክሽን ሥልጣን የተሰጠው አካል በኮሌጁ ተገኝቶ፣ ሰነድ መርምሮና የሥልጠናውን ሂደት ተመልክቶ፣ ተቋሙ ዕውቅና ያገኘበትን ሥልጠና በተቀመጠው መስፈርት መሠረት እየሰጠ መሆኑን የሚያረጋግጥበት አሠራር ነው። በመሐል ሜዳም ሆነ በሌሎች የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ አካባቢዎች የሚኖር ቤተሰብ ልጁን ወደ ግብርና ኮሌጅ ሲልክ፣ ወጪውን የሚሸፍነው በአብዛኛው በግና እህል ሸጦ ነው። ዕውቅና በሌለው የሥልጠና መስክ የተገኘ ማስረጃ ለብቃት ምዘናም ሆነ ለቅጥር ተቀባይነት ሊያጣ ስለሚችል፣ ምዝገባ ከመፈጸሙ በፊት የኮሌጁን ሁኔታ ማጣራት ይገባል።

የአሠራሩ መነሻ

መንግሥት በ1990ዎቹ ዓመታት 25 የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችን በማደራጀት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን በስፋት ማሠልጠን ጀመረ። ዓላማው በየገጠር ቀበሌው በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት ዘርፍ የሠለጠኑ ሦስት ባለሙያዎችን መመደብ ነበር። በአማራ ክልል በኮምቦልቻ፣ በወረታና በመርሳ የግብርና ኮሌጆች ይገኛሉ። ዘርፉን ለመምራት የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ ቁጥር 954/2008 የወጣ ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ የትምህርትና ሥልጠና ጥራትን የሚቆጣጠረው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 515/2014 ተቋቁሟል። በክልል ደረጃ የኮሌጆችን ክትትል የሚያከናውነው ዘርፉን የሚመራው የክልሉ ቢሮ ነው።

«ደረጃ» የሚለው ቃል ሦስት ትርጉሞች

ተገልጋዮች በአብዛኛው የሚሳሳቱት «ደረጃ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ቃሉ በዘርፉ ቢያንስ በሦስት መንገድ ይሠራበታል።

1. የሙያ ደረጃ፦ በአንድ ሙያ የተሰማራ ሰው ሊኖረው የሚገባውን ዕውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት የሚዘረዝር ሰነድ ነው። የሥልጠናው ሥርዓተ ትምህርትና የብቃት ምዘናው የሚዘጋጁት ከዚህ ሰነድ በመነሣት ነው።

2. የሥልጠና ደረጃ፦ «ደረጃ 3» ወይም «ደረጃ 4» ሲባል ሠልጣኙ የሚገኝበትን የብቃት እርከን ያመለክታል። ይህ ስለ ኮሌጁ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም።

3. የተቋም ደረጃ፦ በኢንስፔክሽን ውጤት ለተቋሙ የሚሰጥ ነው።

የተቋም ደረጃ አሰጣጥ ለኅብረተሰቡ ይበልጥ የሚታወቀው ከአጠቃላይ ትምህርት ቤቶች ነው። በ2006 ዓ.ም. በወጣው የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ማዕቀፍ መሠረት በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት የተከፈሉ 26 ስታንዳርዶች ይመዘናሉ። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 በመቶ ያገኘ ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 በመቶ ያገኘ ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይሰጠዋል። በመሆኑም አንድ ትምህርት ቤት «ደረጃ 4 ነው» ሲባል ተቋሙ ከፍተኛውን የጥራት ውጤት አግኝቷል ማለት ሲሆን፣ አንድ ኮሌጅ «በደረጃ 4 ያሠለጥናል» ሲባል ግን የሥልጠናውን እርከን ብቻ መግለጹ ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው «ደረጃ» የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አስፈላጊ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በግብርና ኮሌጅ ምን ይታያል?

የመማሪያ ክፍል፣ የቤተ መጻሕፍትና የአሠልጣኞች ብቃት በማንኛውም ኮሌጅ የሚታዩ ናቸው። በግብርና ሥልጠና ግን ዋናው የሥልጠና ቦታ ማሳውና በረቱ ነው። ስለሆነም አንድ ቤተሰብ ኮሌጁን ሲመለከት፦

• ሠልጣኞች ራሳቸው የሚሠሩበት ማሳ፣ የችግኝ ጣቢያና የእንስሳት እርባታ መኖሩን፤
• የቤተ ሙከራ ዕቃዎች በመጋዘን የተቀመጡ ሳይሆኑ በሥራ ላይ የዋሉ መሆናቸውን፤
• ሠልጣኞች በሥራ ቦታ የሚያደርጉት የትብብር ሥልጠና በውልና በክትትል የሚመራ መሆኑን፤
• ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች በብቃት ምዘና ያገኙትን ውጤት መጠየቅ ይገባዋል።

የተግባር ሥልጠናው ከአካባቢው ግብርና ጋር መጣጣሙም ትልቅ ትርጉም አለው። በመንዝ ደጋ ገብስ ውርጭን ተቋቁሞ የሚመረት ሲሆን፣ የመንዝ በግ የአርሶ አደሩ ዋና ሀብት ነው። በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢዎች የተካሄደው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ አውራ በጎችን በልደትና በክብደት መዝገብ ላይ ተመሥርቶ መምረጥን ይጠይቃል። ወደ ጀማ ሸለቆ ዝቅ ሲባል ደግሞ ጤፍና ማሽላ ይመረታሉ። የበግ ክብደት መዝግቦ የማያውቅ ወይም የጉበት ትል ምልክትን በመጽሐፍ ብቻ ያየ ተመራቂ ቀበሌ ላይ ሲመደብ፣ የሥልጠናው ጉድለት ጉዳት የሚደርሰው በአርሶ አደሩ መንጋ ላይ ነው።

የኮሌጁ ውጤትና የሠልጣኙ ብቃት

ኮሌጁ በኢንስፔክሽን ጥሩ ውጤት ማግኘቱ ሠልጣኙን ከብቃት ምዘና ነፃ አያደርገውም። ሥልጠናውን ያጠናቀቀ ሰው በንድፈ ሐሳብና በተግባር ተመዝኖ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» የሚል ውጤት ያገኛል። በዩኒቨርሲቲ በግብርና የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩ ተማሪዎች ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን ማለፍ ይጠበቅባቸዋል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው።

ከምዝገባ በፊት የሚደረግ ማጣራት

አመልካቾች የዕውቅና ማረጋገጫውን ዋናውን ቅጂ ለማየት መጠየቅ ይችላሉ። በማረጋገጫው ላይ አራት ነገሮች መነበብ አለባቸው፤ እነርሱም የሥልጠናው መስክ፣ የሥልጠናው ደረጃ፣ ሥልጠናው የሚሰጥበት ካምፓስና ዕውቅናው የሚያበቃበት ቀን ናቸው። ለአንድ መስክ የተሰጠ ዕውቅና ለሌላው፣ ለአንድ ካምፓስ የተሰጠውም ለሌላ ከተማ ቅርንጫፍ አያገለግልም። ጥርጣሬ ሲኖር በወረዳው ወይም በዞኑ ዘርፉን የሚመራውን ጽሕፈት ቤት ወይም መምሪያ መጠየቅ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንን ማነጋገር ይቻላል።

ቅሬታ ሲኖር

ቃል የተገባው የተግባር ሥልጠና ያልተሰጠው ወይም ዕውቅና በሌለው መስክ የተመዘገበ ሠልጣኝ ቅሬታውን በቅድሚያ ለኮሌጁ በጽሑፍ ማቅረብና ቅጂውን መያዝ አለበት። አጥጋቢ ምላሽ ካላገኘ ለወረዳው፣ ለዞኑና ለክልሉ የዘርፉ አካላት በየደረጃው ሊያቀርብ ይችላል። በመንግሥት አካል የአስተዳደር በደል ደርሶብኛል ብሎ የሚያምን ዜጋም አቤቱታውን ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የማቅረብ መብት አለው። የክፍያ ደረሰኝ፣ የምዝገባ ቅጽና የኮሌጁ ማስታወቂያ ለቅሬታው ማስረጃ ስለሚሆኑ ሥልጠናው እስኪጠናቀቅና የብቃት ማረጋገጫው እስኪገኝ ድረስ በጥንቃቄ ሊያዙ ይገባል።