ሞንታርቦ የምንለው ሳጥንና ቀዳዳው

ባለፈው ሳምንት ከአብደራፊ በውስጥ መስመር አንድ መልእክት ደረሰኝ። የጻፈልኝ ከዓመታት በፊት እዚያው ፊዚክስ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ሬዲዮና ስልክ እየጠገነ ቤተሰብ ያስተዳድራል። «ቲቸር፣ እንደምን ሰነበቱ? ለጊታር የሚሆን ሳጥን ልሠራ ነው። ባለ 12 ኢንች ስፒከር አግኝቻለሁ። የዚያን ጊዜውን እንዳልደግመው ብዬ ነው፤ ቀዳዳው ስንት ይሁን?» ይላል።

«የዚያን ጊዜውን» የምትለዋ ላይ ስደርስ ሆዴ ቧ አለ። ልጁ ሊወቅሰኝ ብሎ አይደለም የጻፈው፣ አውቀዋለሁ። ግን የዚያን ጊዜው ጥፋት የእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬም በግልጽ አልነገርኩትም። መልሱን በአንድ ቁጥር ጽፌ ልገላገል ነበር፤ ስጀምረው ግን ረዘመ። ስለዚህ እዚህ ለጠፍኩት፤ በሚኒ ሚዲያ ክበብ ሽቦ ስትጎትቱ ያደጋችሁ ሁሉ አንብቡት።

ከስሙ ልጀምር። አገራችን ውስጥ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሳጥን ሁሉ «ሞንታርቦ» ነው። ሞንታርቦ እኮ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው! ዕቃው መጣ፣ ስሙ ቀረ። (ያናጺው ቤት ቋንቋ ግማሹ እንዲሁ ነው፦ ኮምፖርሳቶው፣ ትራፓኖው፣ ብሎኑ፣ ሰጋቱራው ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።) የስብሰባ ጥሪ የሚለፈፍበትም ሞንታርቦ፣ የሰርግ ኪቦርድ የሚጮህበትም ሞንታርቦ፣ ጊታር የሚሰካበትም ሞንታርቦ። ለሁሉም አንድ ስም ስላለን ለሁሉም አንድ ሳጥን የሚበቃ ይመስለናል። የእኔም ጥፋት የተወለደው ከዚሁ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ዘፈናችን ያለ ሳጥን ረጅም ዘመን ኖሯል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ማይክሮፎንም አልነበረም፣ በመለከት መሳይ ቀንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች»፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ኦርኬስትራዎች ጉልበታቸው ናስ ነበር። ትራምፔት ማጉያ አይለምንም። ክራርም ቢሆን የራሱን ሳጥን ይዞ ነው የሚዞረው፤ ገበቴው ላይ የተወጠረው ቆዳ ድምፁን ያጎላለታል።

ኤሌክትሪክ ጊታር ግን ሌላ ፍጥረት ነው። አካሉ ድፍን እንጨት ነው፤ ሳይሰካ ብትመታው ጎረቤት አይሰማህም። ድምፁ የሚወለደው ሳጥኑ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ከዚያም አይቤክስ፣ ዋልያስና ሮሃን የመሰሉ ባንዶች በየሆቴሉ ሲገቡ፣ ሙዚቃው ከትልቅ የመንግሥት ኦርኬስትራ ወደ ትንሽ የኤሌክትሪክ ባንድ እየተሸጋገረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የማህሙድ አህመድን «እሬ መላ መላ» የተጫወተው አይቤክስ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ከተማውን ሲዘጋው ባንዱም ታዳሚውም እዚያው ክበብ ውስጥ ተቆልፎ ያድር ነበር። የሮሃን ባንድ የሰላም ስዩምን ጊታርና የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ በካሴት እየሰማን ነው ያደግነው። ካሴቱ ላይ ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ቀጭን ሪባን ይወጣሉ። መድረክ ላይ ግን ጊታርና ቤዝ የሚፈልጉት ሳጥን ለየቅል ነው።

ለምን? ስፒከሩ ወረቀት ነው፤ ወደፊት ሲገፋ ፊት ለፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ በጀርባው ያለውን ደግሞ ያሳሳል። ስፒከሩን እንዲሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ብትከፍቱት የፊቱ አየር ዞሮ ከጀርባው ጋር ይገናኝና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ የሚቀረው የንብ ድምፅ ነው። ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1925 ዛሬም የምንጠቀምበትን ዓይነት ስፒከር ሲያስተዋውቁ ችግሩን ያውቁት ነበር። መፍትሔው የጀርባውን ድምፅ ማገድ ነው፤ ሰፊ ጣውላ ላይ መግጠም ወይም ሳጥን ውስጥ መዝጋት።

በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው አልበርት ቱራስ ግን «ለምን እናባክነዋለን?» አለ። እ.ኤ.አ. በ1930 ማመልከቻውን አስገብቶ በ1932 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ሲያዩት ቀላል ነው፦ ሳጥኑን ዝጋው፣ ከዚያ በልክ የተቆረጠ ቀዳዳ ክፈትለት። ልኩ ከገጠመ በቀዳዳው የሚወጣው አየር ከስፒከሩ ፊት ጋር እኩል ይገፋል። የጀርባው ድምፅ ተገልብጦ ያግዛል ማለት ነው።

ይህን ለመረዳት አብደራፊ ውስጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቦኖ ውሃ ላይ ቆማችሁ ጀሪካን ሲሞላ ሰምታችኋል። ባዶውን ሲጀምር ወፍራም ነው፣ ሊሞላ ሲል ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሴቶች ዞር ብለው ወሬ እያወሩ እንኳ ሊሞላ መሆኑን በጆሮ ያውቃሉ። ውስጡ ያለው አየር እንደ ሞላ (ስፕሪንግ)፣ አንገቱ ላይ ያለው አየር ደግሞ በሞላው ላይ እንደተቀመጠ ሸክም ነው። አየሩ ሲያንስ ሞላው ይጠነክራል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ጀርመናዊው ሄልምሆልዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን በድቡልቡል ዕቃዎች እየሞከረ በስሌት አስቀምጦታል። ቀዳዳ ያለው የስፒከር ሳጥን በአጭሩ ስፒከር የተገጠመለት ጀሪካን ነው።

ከቱራስ በኋላ ለ30 ዓመት ያህል ሰው ቀዳዳውን በግምትና በጆሮ ነበር የሚቆርጠው። እ.ኤ.አ. በ1961 ኔቪል ቲል የተባለ አውስትራሊያዊ መሐንዲስ ስፒከሩን በጥቂት ቁጥሮች ገልጾ ሳጥኑንም ቀዳዳውንም አስቀድሞ ማስላት እንደሚቻል አሳየ። ጽሑፉ የወጣው እዚያው አውስትራሊያ ስለነበር ዓለም አላየውም፤ አሜሪካ ውስጥ እንደገና የታተመው በ1971 ነው፣ ከ10 ዓመት በኋላ! ሲድኒ ሲማር የነበረው ሪቻርድ ስሞል ሥራውን አስፋፋው፤ ዛሬ የጥሩ ስፒከር ወረቀት ላይ የምታዩት የቁጥር ዝርዝር በሁለቱ ስም ይጠራል። ዳር አገር ሆኖ የተሠራ ሥራ ምን ያህል እንደሚዘገይ ለእኛ ለዳር አገር ሰዎች አይነገርም።

አሁን ወደ ጊታር። የሚገርመው ነገር፣ የጊታር ሰዎች ይህን ሁሉ ጥበብ ብዙም አልፈለጉትም። የሊዮ ፌንደር ማጉያዎች በብዛት ጀርባቸው ክፍት ነው። ለንደን ላይ ጂም ማርሻል በ1960ዎቹ አራት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ድፍን ሳጥን ውስጥ ዘጋ፤ የሮክ ድምፅ ከዚያ ወጣ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ ላይ ነው፣ ከዚያ በታች የሚጠብቀው ነገር የለም። ቤዝ ጊታር ግን 41 ሄርዝ ድረስ ይወርዳል፣ በግማሽ ማለት ነው። ቀዳዳ ያለው የጊታር ሳጥን በኋላ የመጣ ነው፤ ኤሌክትሮ ቮይስ ለባለ 12 ኢንች ስፒከሩ ባወጣው ንድፍ የተሠራውን ጊታሪስቶች እስከ ዛሬ በዚያው በአውስትራሊያዊው ስም «ቲል» ይሉታል። ትንሽ ሳጥን ሆኖ ትልቅ ሆድ ያለው ድምፅ ይሰጣል። በባጃጅ ለሚጓጓዝ ባንድ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እንግዲህ የዚያን ጊዜው።

2003 ዓ.ም. ነው። ልጁ ክረምቱን ሰሊጥ አርሞ፣ ጥቅምት ላይ አጭዶ ባጠራቀመው ብር ከመርካቶ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር አስመጣ። የእርሻ ሥራውን የምታውቁት፣ በዚያ ሙቀት ሰሊጥ ማጨድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳጥኑን አብረን ነደፍነው፦ ውስጡ 50 በ40 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ 60 ሊትር፣ ከ18 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ። «ቀዳዳውን እኔ አሰላለሁ» አልኩ፤ መምህሩ አይደለሁ! የሄልምሆልዝን ስሌት ከመጽሐፍ አወጣሁ፣ 80 ሄርዝ ላይ እንዲሆን፣ የአንገቱን ርዝመት የጣውላውን ውፍረት 1.8 ሴንቲ ሜትር አድርጌ። መልሱ 5.4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ወጣ። ቆረጥነው። ጊታሩ ተሰክቶ ሲመታ ቀዳዳው እንደ ደከመ ወናፍ ፉት ፉት ይል ጀመር፤ ድምፁም ሆድ የለውም።

የሳትኩት ምን መሰላችሁ? የሚንቀሳቀሰው አየር ጣውላው ውስጥ ያለው ብቻ አይደለም፤ ከቀዳዳው ወጣ ብሎም ገባ ብሎም ያለው አየር አብሮ ይጎተታል። ስለዚህ አንገቱ በእውነት ከጣውላው ይረዝማል፣ ወደ 1.5 የቀዳዳውን ግማሽ ስፋት ያህል ይጨመርበታል። ያ ሲታሰብ የእኔ ቀዳዳ የተቃኘው 80 ላይ ሳይሆን ወደ 44 ሄርዝ ነበር።

ልጁ እኔን ሳይጠብቅ በመጋዝ እያሰፋ፣ እየመታ፣ እያሰፋ 13 ሴንቲ ሜትር አደረሰው። ጊታሩ አገሳ! ዛሬ ሳሰላው 76 ሄርዝ ገደማ ይሆናል፤ በአብደራፊ 40 ዲግሪ ሙቀት ድምፅ ስለሚፈጥን ወደ 79 ከፍ ይላል። በጆሮው ብቻ እኔ በስሌት የሳትኩትን አገኘው። በጣም ኮራሁ፣ ለተማሪዎች ሁሉ አወራሁ፣ እዚያው ላይ ዝም አልኩ።

ጥር ላይ ሰርግ መጣ። ጊታር ተጫወተበት፣ ሰው ወደደው። ወደ ማታ ኪቦርድ ተጫዋቹ «በዚህ ሞንታርቦ አውጣልኝ» አለ። ከበሮውም ቤዙም ከኪቦርዱ ነው፣ ወደ 45 ሄርዝ የሚወርድ ድምፅ። ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከተቃኘበት በታች ሲወርድ ሞላነቱ ያበቃል፤ አየሩ በቀዳዳው ዝም ብሎ ይገባል ይወጣል፣ ወረቀቱን የሚይዘው የለም። ድፍን ሳጥን ቢሆን የታፈነው አየር ራሱ በያዘው ነበር። ሁለት ዘፈን አልቆየም፤ ቋ ቋ አለ፣ የተቃጠለ ሙጫ ሸተተ፣ አለቀ። የአንድ ክረምት ድካም።

ሰዉ «ስፒከሩ ፎርጅድ ነው» አለው። እኔም ነገሩን ከሰማሁ በኋላ «ሊሆን ይችላል» አልኩት። ያን ጊዜ ምክንያቱን ጠርጥሬ ነበር፤ ሌሊት መጽሐፍ ገልጬ አረጋገጥኩ። ግን ተመልሼ አልነገርኩትም። ስፒከሩ ፎርጅድ አልነበረም፣ ወንድሜ። ሳጥኑ ለጊታር የተቃኘ ነበር፤ ከ80 በታች ምንም እንዳታስገባ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ስለዚህ ለጥያቄህ። ያው 60 ሊትርና 13 ሴንቲ ሜትር ለብዙ ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር መነሻ ይሆናል፤ ግን ስፒከሮች ይለያያሉ፣ እንዳለ አትቅዳው። ከውስጥ መገጣጠሚያውን ሁሉ ሰጋቱራ በኮላ ለውሰህ ድፈነው፤ በስንጥቅ የሚያፈተልክ አየር ቅኝቱን ይገድለዋል። ቀዳዳውን በ10 ሴንቲ ሜትር ጀምርና አስፋ፤ ማስፋት ይቻላል፣ ማጥበብ ግን ጣጣ ነው። ሳጥኑን በጀርባው አስተኛውና ወረቀቱ ላይ አንድ ቁንጥር ሰሊጥ በትን። በስልክህ ድምፅ የሚያወጣ አፕ ጭነህ፣ አምፑን ዝቅ አድርገህ፣ ከ120 ሄርዝ ቀስ እያልክ ውረድ። ሰሊጡ ሲዘል ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ጸጥ ሊል ይቃረባል፣ በቀዳዳው ግን አየር ይነፍሳል። ያ ነው ቅኝቱ። ከዚያ በታች ስትወርድ ሰሊጡ እንደገና እንደ እብድ ይዘላል፤ የዚያን ቀን ማታ የሆነውን በዓይንህ ታየዋለህ።

ጊታር ተጫዋቹ ከሱዳን ጦርነት ሸሽቶ በመተማ በኩል የገባ ልጅ መሆኑን ጽፈህልኛል። ሳጥኑ ሲያልቅ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም «ለጊታር ብቻ» ብለህ በአማርኛም በዓረብኛም ጻፍበት። ሰርግ ላይ ኪቦርድ የግድ ከመጣ ሚክሰሩ ላይ 80 ሄርዝ የሚል መቁረጫ ካለ ተጫነው፣ ከሌለ እምቢ በል። ተቀየሙኝ ብለህ እንዳትፈራ፣ «ቲቸር ከለከሉኝ» በላቸው።

አሁን የስፒከሩን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ማግኔቱ ላይ ያለው ቁጥር በደንብ ይታይ።