ቁም ጸሐፊ

ቁም ጽሕፈት እያንዳንዱ ፊደል ሳይጣደፍ፣ ከጎረቤቱ ሳይቀጠል ራሱን ችሎ የሚቆምበት አጻጻፍ ነው። በዚህ እጅ ቅዱሳት መጻሕፍትን በብራና የሚገለብጥ ባለሙያ ቁም ጸሐፊ ይባላል። በዐድዋ አቅራቢያ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌል፣ ከዓለማችን ጥንታውያን ባለሥዕል ወንጌሎች አንዱ፣ የዚህ አገልግሎት ውጤት ነው።

የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ተወጥሮ ይፋቃል፤ መስመሩ በወስፌ ይሰመራል፤ ብርዑ ከመቃ ይቀረጻል። በጥቁር ቀለም ሲጻፍ ቆይቶ የጌታ ወይም የእመቤታችን ስም ሲደርስ ቀለሙ ወደ ቀይ ይለወጣል።

«ቁም ጸሐፊ» የሚለው ስም ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ግን ስሕተት ሲመጣ ነው። እጅ ይዝላል፤ ዓይንም መስመር ይዘላል። ቁም ጸሐፊ በዚህ ምክንያት ብራናውን አይጥልም። የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቆ እዚያው ይጽፋል፤ የዘለለውን በመስመር መካከል ወይም በኅዳጉ ያስገባል። ብዙዎቹ በመጨረሻው ገጽ ራሳቸውን ኃጥእ ብለው አንባቢውን በጸሎት እንዲያስባቸው ይለምናሉ።

ይህ ልማድ ለዛሬ ክርስቲያን ጸሐፊም ትልቅ ትምህርት ነው። «እኔ ማን ሆኜ ስለ እግዚአብሔር እጽፋለሁ?» እያለ ብዕሩን ያስቀመጠ ብዙ ነው። እነዚያ አባቶች ኃጢአታቸውን ሳይሸሽጉ ጻፉ፤ በድካማቸው ሰበብ መጽሐፉን ጀምረው አልተዉትም። በእነሱ ትጋት ዳዊቱም ወንጌሉም እኛ ዘንድ ደረሰ። የመጻፍ ጸጋ የተሰጠው ሰው ንስሐውንም ጽሕፈቱንም ጎን ለጎን ይያዝ፤ የተሳሳተውን ያርም፤ የጀመረውን ይፈጽም።