ዳግም ማጥራት፦ የድሮ ሙዚቃ በአዲስ ሸክላ

በአማርኛ የዘፈን ክሊፖች ግርጌ የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲውና አቀናባሪው ከተጠቀሱ በኋላ «ሚክሲንግና ማስተሪንግ» የሚል መስመር ይመጣል። ሁለቱ ሁልጊዜ ተያይዘው ስለሚጻፉ አንድ ሥራ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ሚክሲንግ ለየብቻ የተቀዱትን ድምፃዊ፣ ድራምና ጊታር መጥኖ ማዋሐድ ነው። ማስተሪንግ ከዚያ ይቀጥላል፤ የተዋሐደውን ሙዚቃ ለመጨረሻ ጊዜ አድምጦ፣ የጎላውን አለዝቦ፣ የደበዘዘውን አውጥቶ፣ ሌሎቹ ሁሉ የሚባዙበትን እናት ቅጂ ማዘጋጀት ነው። ዓመታት ካለፉ በኋላ ወደ ድሮው የቴፕ ክር ተመልሶ ይህን የመጨረሻ ሥራ እንደገና መሥራት ሪማስተሪንግ ይባላል። በአማርኛ «ዳግም ማጥራት» ብለው እመርጣለሁ። «ዳግም ቀረጻ» አያስኬድም፤ ማንም ስቱዲዮ ገብቶ አይዘፍንም፣ አንዲት ኖታም አትጨመርም።

ሥራው ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያበላሽ ለመስማት ከብላክ ሳባዝ ባንድ የመጀመሪያ አልበም የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኦዚ ኦዝበርን፣ ቶኒ አዮሚ፣ ጊዘር በትለርና ቢል ዋርድ ከእንግሊዟ የፋብሪካ ከተማ ከበርሚንግሃም የወጡ ወጣቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1969 ለንደን በሚገኘው ሪጀንት ሳውንድ ስቱዲዮ ገብተው፣ በመድረክ ይጫወቱት የነበረውን በአንድ ቀን ቀድተው ወጡ። ፕሮዲዩሰሩ ሮጀር ቤይን ነበር። አልበሙ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970 ለገበያ ዋለ፤ ዛሬ ብዙዎች የሄቪ ሜታልን መነሻ የሚቆጥሩት ከዚያ ቀን ነው።

የአዮሚ ጊታር ለምን እንደዚያ እንደሚከብድ ማወቅ ለአጥሪውም ለአድማጩም ይጠቅማል። ልጁ 17 ዓመቱ ሳለ በብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ግራኝ በመሆኑ አውታር የሚጫነው በዚያው እጁ ነው። ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ጣቱን የማይፈትኑ ቀጫጭን አውታሮችም ገጠመ። ስለዚህ ክብደቱ ከአጨዋወቱ የመጣ፣ ክሩ ላይ ያለ ነው። ዳግም ሲያጠራ «ሜታል ነውና ይክበድ» ብሎ ቤዙን የሚከምርበት ባለሙያ የጊዘር በትለርን ቤዝ ጊታር ያድበሰብሰዋል፤ የአዮሚንም ጊታር ያፍነዋል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የድምፅ መጠንን አለቅጥ ማሳደግ ነው። በ1990ዎቹ የሲዲ አሳታሚዎች «የኛ ይጩህ» በሚል ፉክክር ገቡ። ጩኸቱ የሚመጣው ዝግ ያለውን ክፍል ከጎላው ጋር በማስተካከል ነው፤ ልዩነቱ ይጠፋል። የብላክ ሳባዝ የመክፈቻ ሙዚቃ ደግሞ መላ ሕይወቱ ልዩነቱ ነው። ዝናብ ይዘንባል፣ ነጎድጓድ ያጉረመርማል፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደውላል፣ ከዚያ ሦስት ከባድ የጊታር ኖታዎች ይወርዳሉ። ወዲያው ሁሉም ዝቅ ይልና ኦዚ ለብቻው የተተወ በሚመስል ድምፅ ይጀምራል። ዝቅ ያለው ከፍ ካለው ጋር እኩል ከሆነ የሚያስፈራ ነገር አይቀርም። እንዲህ የተሠራ ቅጂ፣ ጃኬቱ ላይ ምንም ተብሎ ቢጻፍ፣ ለእኔ የጠራ አይደለም።

ሸክላ እዚህ ላይ ተፈጥሮው ያግዛል። ድምፁ በቦይ መልክ ስለሚቀረጽ፣ ቤዝ በበዛ ቁጥር ቦዩ ወደ ጎን እየተወዛወዘ ቦታ ይፈጃል፤ ከመጠን ካለፈ ጎረቤቱን ቦይ ይነካል፣ መርፌውንም ያዘልላል። ለዚህ ሲባል ሲቀረጽ ቤዙ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይጨመራል፤ ሲደመጥ ፎኖ ፕሪአምፕ የተባለው መሣሪያ ተገላቢጦሹን ይሠራል። ይህ ስሌት ከ1954 ጀምሮ ወጥ ደረጃ ወጥቶለታል። ያም ሆኖ ቦዩ ቦታ ስለሚፈጅ በአንድ ገጽ ላይ ጩኸትም ርዝመትም አብረው አይገኙም።

ሌላም ፈተና አለ። ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ይዞራል። ከመርፌው ሥር የሚያልፈው ቦይ ጠርዙ ላይ በሰከንድ 50 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሄድ፣ መሃሉ አካባቢ 20 ገደማ ብቻ ይሄዳል። ያው አንድ ሰከንድ ሙዚቃ ጠባብ ስፍራ ላይ ይጨናነቃል፤ ቀጭኑ ድምፅ ይሻክራል። በዚህ አልበም ሁለተኛ ገጽ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ከ10 ደቂቃ በላይ የሚፈጀው «ዋርኒንግ» ነው፤ የአዮሚ ረጅም የጊታር ሶሎ ያለውም እዚያው ውስጥ። አዲስ የታተመ ሸክላ ስገዛ መርፌውን መጀመሪያ የማሳርፈው እዚያ ላይ ነው። ጊታሩ ሳይሻክር ከዘለቀ ቀራጩ እጁ የተባረከ ነው።

ሸክላው ከመቀረጹ በፊት ያለው ጥያቄ ከየትኛው ክር ተጀመረ የሚለው ነው። ክር ከክር ሲገለበጥ በየደረጃው ሹሹታ ይጨምራል፤ ለየአገሩ ተገልብጦ ከተላከ ቅጂ የተሠራ ሸክላ ከመጀመሪያው ክር ከተሠራው ጋር አይወዳደርም። የማጫወቻው ራስ አቀማመጥ ከክሩ ጋር በልክ ካልገጠመም የድራሙ ሲምባል ይደበዝዛል። ስለዚህ ጃኬቱ ላይ «ከመጀመሪያው ክር» የሚል መኖሩን ማየት፣ «180 ግራም» የሚለውን በደማቅ የተጻፈ ቁጥር ከማየት ይበልጣል። ግራሙ የሸክላውን ክብደት እንጂ የድምፁን ጥራት አይነግርም። ድሮና አዲስ ሲነጻጸሩም የሁለቱን ድምፅ መጠን አስቀድሞ እኩል ማድረግ ይገባል፤ ጆሮ ጮክ ያለውን የተሻለ አድርጎ ይቀበላል።

«ዳግም ማጥራት» የሚለው ቃል ለእኛም ሙዚቃ ያስፈልገናል። አምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ውስጥ አምሃ ሪከርድስን ያቋቋመው በዚያው በ1969 ነው፤ የዚያ ዘመን ዘፈኖች ከ1997 ጀምሮ በኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበሞች ዳግም ታትመዋል። እናት ቅጂው የጠፋ ሙዚቃ ግን በደህና ከተያዘ ሸክላ ላይ ተገልብጦ ይጸዳል። ይህም የተከበረ ሥራ ነው፤ ጃኬቱ ላይ «ዳግም የጠራ» ሳይሆን «ከሸክላ የተገለበጠ» ተብሎ ይጻፍ።